ቅስትና ኦጂቭ፦ ቅርጹን ወይስ ሥራውን?

«ኦጂቭ» የሚለውን ቃል አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን የሚያውቁት በስታቲስቲክስ ትምህርት፣ የተጠራቀመ ድግግሞሽን የሚያሳየው ግራፍ መጠሪያ ሆኖ ነው። ቃሉ ግን ወደዚያ የተሻገረው ከግንበኞች ዘንድ ነው። በሥነ ሕንፃ ኦጂቭ የሚባለው ሁለት የክብ ቁራጮች ከግራና ከቀኝ ተነሥተው አናት ላይ በሹል የሚገናኙበት ቅስት ነው። ስለዚህ «በቅስትና በኦጂቭ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የእህልንና የጤፍን ልዩነት እንደ መጠየቅ ይሆናል፤ ኦጂቭ ከቅስት ዓይነቶች አንዱ ነውና። ተገቢው ጥያቄ ኦጂቭ ከግማሽ ክብ ቅስት በምን ይለያል የሚለው ነው። «አንዱ ክብ ነው፣ ሌላው ሹል» የሚለው የተለመደ መልስ፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ሐሰት ባይሆንም ባዶ ነው።

ድንጋይ ሲጨመቅ ብርቱ፣ ሲጎተት ደካማ ነው። ቅስት ይህን ጠባይ ለጥቅም የሚያውል ብልሃት ነው፦ ከላይ የሚመጣውን ክብደት ከድንጋይ ወደ ድንጋይ በግፊት እያቀበለ ወደ ምሰሶዎቹ ያወርዳል። ይሁን እንጂ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል። ለተወሰነ ስፋትና ጭነት፣ ቅስቱ ከፍ ባለ መጠን የጎን ግፊቱ ይቀንሳል። ስፋቱ 8 ሜትር የሆነ በር እናስብ። ግማሽ ክብ ቅስት 4 ሜትር ከፍታ ይኖረዋል፤ የክቡ ራዲየስ ከበሩ ስፋት ጋር እኩል የሆነ ኦጂቭ ግን 6.9 ሜትር ያህል ይነሣል። ጭነቱ በሁለቱም ላይ እኩልና በስፋቱ ልክ የተሠራጨ ነው ብንል፣ የኦጂቩ የጎን ግፊት ከግማሽ ክቡ በ42 በመቶ ገደማ ያንሳል። ረጅሙ ቅስት የራሱ ክብደት ስለሚጨምር በተግባር ልዩነቱ ጠበብ ይላል።

ሁለተኛው ልዩነት የጂኦሜትሪ ነው። የግማሽ ክብ ከፍታ በስፋቱ ታስሯል። ጎኑ 8 ሜትር የሆነን አራት ማዕዘን ክፍል በቅስቶች ለመክደን ብንሞክር፣ የጎኖቹ ቅስቶች 4 ሜትር ሲነሡ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሄዱት 5.7 ሜትር ገደማ ይነሣሉ፤ አናቶቻቸው አይገጥሙም። ኦጂቭ ከፍታን ከስፋት እስራት ስለሚፈታ ግንበኛው የጎኖቹን ቅስቶች ወደሚፈልገው ከፍታ ያደርሳቸዋል። በፈረንሳይ ኦጂቭ የሚለው ስም በመጀመሪያ የተሰጠው ለእነዚያ ማዕዘን ተሻጋሪ የድንጋይ አጥንቶች ነበር፤ እነርሱም ብዙ ጊዜ ግማሽ ክብ ነበሩ። እንግዲህ ስሙ ራሱ ከሥራ ተነሥቶ ወደ ቅርጽ የተንሸራተተ ነው።

ሹል ቅስት የአውሮፓ ብቸኛ ፈጠራ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ879 የተጠናቀቀው የካይሮው የኢብን ቱሉን መስጊድ ቅስቶቹ ሹል ናቸው፤ የጎቲክ መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው የቅዱስ ዴኒስ ቤተ ክርስቲያን ክፍል የተመረቀው በ1144 ነው። ሹልነት ብቻውንም አያድንም፤ የቦቬ ካቴድራል ጣሪያ በ1284 በከፊል ተደርምሷል።

ቅስት የሚቆመው ለምንድን ነው? እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1675 ፍሬ ነገሩን አይቶታል፦ የተንጠለጠለ ሰንሰለት የሚይዘው ቅርጽ ቢገለበጥ የሚቆም ቅስት ይሆናል። የሰንሰለቱ መካከል ላይ ክብደት ቢታሰርበት ወደ ታች ይሾላል። ተገልብጦ ሲታይ ኦጂቭን ይመስላል። በአናቱ ከባድ ጭነት ለሚሸከም ቅስት ሹልነት የተፈጥሮ ምላሽ ነው ማለት ነው። ግንበኛው ከዚህ ፍጹም ቅርጽ ቢርቅ እንኳ የግፊቱ መሥመር ከድንጋዩ ውፍረት ካልወጣ ቅስቱ ይቆማል።

ይህ ዕውቀት ለእኛ የቅንጦት አይደለም። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ የላይኛውን ረድፍ መስኮቶች የተመለከተ ሰው በሹል የሚያበቁ ቅስቶችን ያያል። ነገር ግን እነዚህ ከአንድ አለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ተደርድሮ እርስ በርሱ የሚደጋገፍ ድንጋይ፣ በመጨረሻ የሚገባ ማሰሪያ ድንጋይም የላቸውም። በአንጻሩ በጢስ ዓባይ አቅራቢያ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ ቅስቶች በድንጋይና በኖራ የተገነቡ በመሆናቸው ሌሊትና ቀን ዳርቻዎቻቸውን ይገፋሉ። በግንብ ቅስት ላይ የሚታይ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ መሠረቱ ጥቂት መንቀሳቀሱን የሚነግር ምልክት ነው፤ ጠጋኙ ወደ ዳርቻዎቹ ማየት ይኖርበታል። በአለት ቅስት ላይ የሚታይ ስንጥቅ ግን የአለቱን ሕመም፣ የውኃን ሥርገትና የድንጋዩን መሟሸሽ ያመለክታል። ሁለቱን በቅርጻቸው አንድ ስም ሰጥቶ አንድ መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ቅርሱን ይጎዳል።

ስለዚህ አስተያየቴ ግልጽ ነው። በፊዚክስ ክፍሎቻችን የኃይሎችን ሚዛን ስናስተምር ከመዘውርና ከተዳፋት ጣውላ ጎን ለጎን ቅስትን እናስገባ። የሚያስፈልገው አንድ ሰንሰለት፣ ጥቂት ክብደቶችና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ብቻ ነው። ተማሪው የሰንሰለቱን መሥመር ስሎ ወረቀቱን ሲገለብጥ፣ ቅስትን በመልኩ ሳይሆን በሚሸከመው መጠን መለየት ይጀምራል።