ድመቷና ኦርጋኑ

ድመትንና ሙዚቃን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ሙዚቃ የሚጫወት ልጅ ያላችሁና ድመት የምታሳድጉ ግን ነገሩን ሳታውቁት አትቀሩም። ኦርጋኑ ሲከፈት ድመቷ ከተኛችበት ተነሥታ ትመጣለች፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ትወጣለች፤ አለዚያም በቁልፎቹ ላይ ተረማምዳ መሐል ላይ ትጋደማለች። ብታባርሯት ተመልሳ ትመጣለች።

አንዲት ጎረቤታችን በዚሁ ጉዳይ ተቸግረው ነበር። ልጃቸው በሠርግ ቤት ኦርጋን እየተጫወተ ቤተሰቡን ይረዳል። ኦርጋኑን የገዙለት በዕቁብ ገንዘባቸው ነው። ድመቷ ደግሞ የአያትየዋ ናት። አያትየዋ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከእርሷ ተለይተው አያውቁም። ልጁ እሑድ ሠርግ ሊሄድ ሐሙስ ማታ ሲለማመድ፣ ከመካከለኛዎቹ ቁልፎች አንዳንዶቹ ድምፅ አልሰጥ አሉ። በማግሥቱ ጠጋኙ ሲፈታው ከቁልፎቹ ሥር የድመት ፀጉር ተጠቅልሎ ተገኘ። ልጁ በንዴት «ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ ልውጣ» አለ። አያትየዋም «እንግዲያው እኔም አብሬያት እወጣለሁ» ብለው ነጠላቸውን አነሡ። እናት በሁለቱ መካከል ቆመው ቀሩ።

ከመፍረድ በፊት ድመቷ ከኦርጋኑ ዘንድ ምን እንደምትሻ ማወቅ ይበጃል። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ድመት ሰውነቷን ለማሞቅ ጉልበት ሳታባክን የምትኖርበት የአየር ሙቀት ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ ለእኛ የተስማማን ክፍል ለእርሷ ቀዝቃዛ ነው። አምፕሊፋየርና የኤሌክትሪክ መለወጫ ደግሞ ሲሠሩ ይሞቃሉ። ጥንት ምድጃ ዳር ትተኛ የነበረች ዛሬ አምፕሊፋየር ላይ ብትተኛ ልማዷን አልለወጠችም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንዲሉ ነው። ሁለተኛው ወዳጅነት ነው። ሙዚቀኛ በአንድ ቦታ ለብዙ ሰዓት ይቀመጣል፤ ድመትም የለመደችው ሰው ካለበት ትጠጋለች።

ይህ ወዳጅነት በታወቁ ሙዚቀኞች ዘንድም ታይቷል። የእንግሊዙ ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውንና ሲንተሳይዘር የበዛበትን «ሚስተር ባድ ጋይ» የተሰኘ አልበም መታሰቢያነቱን የሰጠው ለድመቶቹና ለድመት ወዳጆች ነው። ደሊላ ለተባለች ድመቱም ዘፈን ደርሶላታል፤ ዘፈኑ ኩዊን የተባለው ጓድ በ1991 ባወጣው አልበም ውስጥ ይገኛል። በዚያ ዘፈን ጊታር ተጫዋቹ ብራያን ሜይ የድመትን ጩኸት ያስመሰለው የጊታሩን ድምፅ በቧንቧ ወደ አፉ በሚያደርስ መሣሪያ ነበር።

ይሁንና ድመት ለመጣችበት ሙዚቃ ሁሉ ጆሮዋን ትሰጣለች ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት 47 ድመቶችን በየቤታቸው ተመልክቶ ነበር። ድመቶቹ ለሰው የተደረሰውን ሙዚቃ እምብዛም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ለጆሯቸው በሚስማማ ቅኝትና የድመትን የማንኮራፋት ድምፅ በሚመስል ምት የተዘጋጀውን ሲሰሙ ግን ወደ ድምፅ ማጉያው ቀርበው ይታከኩት ነበር።

የእኛ ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ሲሰማ፣ የድመት ጆሮ እስከ 85,000 ገደማ ይሰማል። ከዚህም የተነሣ እኛ የማንሰማው የመሣሪያ ፉጨት እርሷን ሊያስጨንቃት ይችላል። ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጣጠፈች፣ ጅራቷን ካማታች ድምፁ ይቀነስላት፤ ለመውጣት ከፈለገችም በሩ አይዘጋባት።

አሁን ወደ ጥንቃቄው እንለፍ። በብዙዎቹ ኦርጋኖች ውስጥ ከቁልፉ ሥር ለስላሳ ጎማ አለ። ቁልፉ ሲጫን ጎማው የኤሌክትሪኩን መገናኛ ይነካና ድምፁ ይወጣል፤ በመካከሉ ፀጉር ወይም አቧራ ከገባ ይቋረጣል። ስለዚህ ኦርጋኑ ተጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ድመቷንም በሳምንት ሁለት ጊዜ መቦረሽ ፀጉሯ በየቦታው እንዳይረግፍ ይረዳል። የአምፕሊፋየሩን የአየር መተንፈሻ በሰውነቷ እንዳትደፍነው መጠበቅም ተገቢ ነው፤ መሣሪያው ከመጠን በላይ ይግላልና።

ከሁሉ የከፋው ግን ገመዱ ነው። የድመት ግልገል የሚንጠለጠል ነገር ካየች ማኘክ ትወዳለች። በቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ አፏን ያቃጥላል፣ ሊገድላትም ይችላል። ከልምምድ በኋላ ገመዱ ከሶኬት ይነቀል፤ የማይነቀለውም በጠንካራ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። ምናልባት ኤሌክትሪክ ከያዛት ልጆች በእጃቸው እንዳይነኳት ከወዲሁ ይነገራቸው። አስቀድሞ ቆጣሪው ይጥፋ፤ ቀጥሎም ድመቷ ደኅና ብትመስል እንኳ ለእንስሳት ሐኪም ትታይ።

ወደ ጎረቤታችን ስንመለስ፣ ጠጋኙ ኦርጋኑን አጽድቶ ዓርብ ማታ መለሰው፤ ልጁም ለሠርጉ ደረሰ። እናት ማንንም ከቤት አላስወጡም። አሮጌ ጋቢ አጣጥፈው፣ አምፕሊፋየሩ አጠገብ፣ ሙቀቱ በሚደርስበት በርጩማ ላይ አነጠፉ። ከአሮጌ አንሶላም ለኦርጋኑ ልብስ ሰፉለት። ድመቷ ሁለት ቀን አኮረፈች፤ በሦስተኛው ቀን በርጩማውን ያዘች።

ከዚህ ሁሉ የተገኘው ሌላ ነው። አያትየዋ ቀድሞ የልጅ ልጃቸውን ልምምድ ጫጫታ ነው ብለው ወደ ጓዳ ይሸሹ ነበር። አሁን ድመቷን ፍለጋ እየመጡ ቁጭ ብለው ያዳምጡታል። «ያችን የትናንትናዋን ድገማት» ማለትም ጀምረዋል።

ውድ አንባብያን፣ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ሁሉ የየራሳቸው ማረፊያ ሲያገኙ ጠቡ ይበርዳል።