የነከሰ ውሻ ባለቤትና የእንስሳት ሐኪሙ

ሰው የነከሰ ውሻ ለ10 ቀናት በክትትል ሥር እንዲቆይ የሚታዘዘው፣ በነከሰበት ዕለት ምራቁ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ይዞ ከነበረ በዚያ ጊዜ ውስጥ ታሞ ስለሚሞት ነው። በብዙ ቤት ግን ክትትሉ የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ነው፤ ምግብ እምቢ ማለቱን፣ ድምፁ መለወጡን፣ ለሃጩ መዝረብረቡን ቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው። ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር በአግባቡ መነጋገርን እንደ ጨዋነት ብቻ የሚቆጥር ሐኪም ተሳስቷል፤ የምርመራው አንድ ክፍል ነውና። «ለምን አላስከተብከውም?» የሚለው ቁጣ፣ ተገቢ ቢሆን እንኳ፣ በመጀመሪያው ቀን አይጠቅምም። የተገሠጸ ባለቤት ውሻውን ገድሎ ይቀብራል፤ ወይም ከሰፈር ያርቀዋል። ያኔ ለላቦራቶሪ የሚላክ አንጎል አይገኝም፤ ውሻው በ10ኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ ሊቋረጥ ይችል የነበረው የተነካሹ ልጅ ክትባትም እስከ መጨረሻው መርፌ ይቀጥላል።