የሚገዛ መሣሪያ፣ የማይገዛ ዕውቀት

የአንድ ድርጅት የፈጠራ ብቃት በገዛቸው መሣሪያዎች ዘመናዊነት ይለካል ብለው የሚያምኑ ጥቂቶች አይደሉም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ትክክለኛው መለኪያ ድርጅቱ ከውጭ ያገኘውን ዕውቀት የራሱ የማድረግ አቅሙ ነው።

ለዚህ አብነት የሚሆነን ከየካ ክፍለ ከተማ በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው የእንጦጦ ተራራ ላይ ይገኛል። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ባደረገው ጥረት በዚያ ሥፍራ የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ስትመጥቅ፣ የመቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እንጦጦ ላይ ነበር። አብዛኛውን ወጪ የሸፈነችው ቻይና ብትሆንም በንድፍ ሥራው ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ተካፍለዋል።

«በሰው አገር የተሠራች ሳተላይት ምኗ የእኛ ነው?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። የሳተላይት ዕድሜ አጭር ስለሆነ መልሱን በአካሏ ላይ መፈለግ አይገባም። የእኛ ሊሆን የሚችለው ምሕዋሯን መከታተልና የላከችውን መረጃ ወደ ምስል መለወጥ የተማረው ባለሙያ፣ እንዲሁም ያንን ሙያ ለተተኪው የሚያስተላልፈው ተቋም ነው።

አሜሪካዊው ምሁር ሄንሪ ቼስብሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ «ክፍት ፈጠራ» ያለው አሠራር፣ ድርጅቶች ከግቢያቸው ውጭ በሚወለድ ሐሳብም እንዲጠቀሙ ይመክራል። ይሁን እንጂ ኮኸንና ሌቪንታል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳስረዱት፣ የውጭውን ዕውቀት ለመቅሰም ቀድሞ የተከማቸ የራስ ዕውቀት ያስፈልጋል። ነገሩ ከሬዲዮ ጋር ይመሳሰላል፤ ሞገዱ ቤቱን ሁሉ ቢሞላም ድምፁን የሚያሰማው በዚያው ድግግሞሽ የተቃኘ ተቀባይ ብቻ ነው።

በብዙ ድርጅቶቻችን የሚታየው ግን የተለየ ነው። አዲስ ማሽን ከውጭ ይገባል፤ የሻጩ ባለሙያ ለአንድ ቴክኒሻን አሠራሩን አሳይቶ ይመለሳል። ያ ቴክኒሻን ሥራ ሲለቅ ዕውቀቱም አብሮት ይወጣል፤ ማሽኑም በቀላል ብልሽት ለወራት ይቆማል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የሚለው ብሂላችን እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ስለሆነም እያንዳንዱ ብልሽትና የተገኘለት መፍትሔ በመዝገብ ሊሰፍር፣ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው እንዲማር ጊዜ ሊመደብለት ይገባል። ድርጅቶችም ለተማሪዎችና ለመምህራን በራቸውን ሊከፍቱ ያስፈልጋል። «ምሥጢራችን ይባክናል» የሚለው ስጋት መሠረት ቢኖረውም በውል ሊፈታ የሚችል ነው፤ ያልተመዘገበ ዕውቀትን ግን ምንም ዓይነት ውል አይመልሰውም።

ውድ ተማሪዎች፣ ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ ፋብሪካ ስትላኩ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ከመጠየቅ አልፋችሁ፣ ባለፈው ጊዜ ለምን እንደቆመና ማን እንዴት እንዳስነሣው ጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ ጻፉት፤ አንድ ቅጂም ለድርጅቱ ትታችሁ ውጡ።