ሳይለንሰር ቢገጠምለትስ? የልጅ ጆሮ የሰርግ ወጪ አይደለም!

ዛሬ ትንሽ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ታገሡኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ በተለይ ወላጆች።

ከጥቂት ወራት በፊት እዚሁ ገላን በምሠራበት ክሊኒክ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ መጣ። (ቤተሰቡ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ፤ ፈቃዳቸውንም ጠይቄያለሁ።) ይዘውት የመጡት አባቱና የአባቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። የመጡበት ጉዳይ ጆሮ አልነበረም። «ዶክተር፣ ልጁ አልታዘዝ ብሏል። አስተማሪውም አይሰማም፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው ብላ አስጠርታኛለች» አለኝ አባትየው። በዚሁ ምክንያት ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ተገርፏል።

ከኋላው ቆሜ በቀስታ ስሙን ጠራሁት። አልዞረም። ደገምኩ፤ አልዞረም። ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ሳናግረው ግን ዓይኑን ከአፌ ላይ ሳይነቅል ይመልሳል።

«ጆሮህ ውስጥ የሚጮህ ነገር አለ?» አልኩት።

«አዎ። ጭውውው ይላል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአክስቴ ሰርግ።»

አጎትየው አንገታቸውን ደፉ። ጥር ላይ ገጠር በተደገሰው ሰርግ፣ ድንኳኑ ደጃፍ ክላሹን ወደ ሰማይ ያንጣጡት እሳቸው ነበሩ። ልጁ ከጎናቸው ቆሞ የሚወድቀውን ቀለህ ይለቅም ነበር።

ሪፈር ጽፌ የመስማት ምርመራ ተደረገለት። ሁለቱም ጆሮዎቹ ቀጫጭን ድምፆችን የመስማት አቅማቸው ቀንሷል። ከሰርጉ በፊት ተለክቶ ስለማያውቅ «መቶ በመቶ ከተኩሱ ነው» ብዬ አልምልም። ነገር ግን የጉዳቱ ዓይነትም፣ የጀመረበት ጊዜም ወደዚያው ይጠቁማል።

ውጤቱን ስነግራቸው አጎትየው ስልካቸውን አወጡ። «ዶክተር ልጄ፣ አሁን እኮ ሳይለንሰር የሚሉት አለ። ድምፅ የሚያፍነው የትኛው ነው፣ የማይከብደው የትኛው ነው፣ የማይራገጠው የትኛው ነው እያሉ እያወዳደሩ ያሳያሉ። ለሚቀጥለው ሰርግ እሱ ቢገጠምለትስ?»

ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ መፍትሔ እየፈለጉ ነው። ስለዚህ ጥያቄያቸውን በቁም ነገር ልመልሰው። ይህን ጥያቄ በልባቸው የያዙ ብዙ እንደሆኑም አውቃለሁ።

ሳይለንሰር ምንድን ነው?

የመኪና ማርሚታ ታውቃላችሁ አይደል? ያው ነው። አፈሙዙ ላይ ይገጠምና ከጥይቱ ጋር የሚወጣውን የባሩድ ጋዝ በውስጡ ባሉት ክፍሎች እያዞረ፣ እያበረደ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1909 የመጀመሪያውን ለገበያ የበቃ ሳይለንሰር የፈጠራ ባለቤትነት ያስመዘገበው አሜሪካዊው ሂራም ፐርሲ ማክሲም ነው። አባቱ ሂራም ማክሲም ደግሞ የማክሲም መትረየስን የፈለሰፈው ሰው ነው። አባትየው መሣሪያውን ሲሞክር ኖሮ በስተርጅና በጣም ደንቁሮ ነበር። የተኩስ ድምፅ ጆሮ እንደሚያጠፋ ከመቶ ዓመት በፊትም ምስጢር አልነበረም።

አሁን ወደ ውድድሩ እንሂድ። ቪዲዮዎቹ የሚያወዳድሩት ሦስት ነገር ነው።

1. ድምፅ። የክላሽም ሆነ የሌሎች ጠብመንጃዎች ተኩስ በተኳሹ ጆሮ አካባቢ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 165 ዴሲቤል ይደርሳል። ጥሩ ሳይለንሰር ከዚህ ላይ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በደንብ ሠራ እንበልና ከ160 ላይ 30 ብንቀንስ 130 ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያለ ድንገተኛ ድምፅ ያስቀመጠው ጣሪያ ለአዋቂ 140፣ ለልጅ 120 ዴሲቤል ነው። ዴሲቤል እንደ ሜትርና ኪሎ አይቆጠርም፤ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት 10 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለአጎት ጆሮ «ተሻለ» የተባለው ተኩስ፣ አጠገባቸው ለቆመው ልጅ ከጣሪያው በላይ 10 እጥፍ ነው።

ፊልም ላይ የምታዩት «ፊስ» የሚል ጠብመንጃ ውሸት ነው። የክላሽ ጥይት በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ይበራል፤ ድምፅ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነው። ጥይቱ ድምፅን ሲቀድም አየሩን ሰንጥቆ የራሱን ጩኸት ይፈጥራል። ይህን ጩኸት የትኛውም ሳይለንሰር ሊነካው አይችልም፤ ምክንያቱም የሚፈጠረው ጥይቱ አፈሙዙን ለቆ ከወጣ በኋላ ነው።

2. ክብደት። አብዛኞቹ የጠብመንጃ ሳይለንሰሮች ከ300 እስከ 600 ግራም ይመዝናሉ፤ ያ ሁሉ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። በጥቅሉ ረጅሙና ከባዱ የተሻለ ያፍናል፤ አጭሩና ቀላሉ ያነሰ ያፍናል። ስለዚህ «የማይከብድ» ብለው ሲመርጡ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በጆሮ ነው።

3. ርግጫ። ሳይለንሰር ጋዙን ስለሚይዘው ሰደፉ ትከሻን የሚመታበትን ኃይል በመጠኑ ይቀንሳል። ከዚህ በላይ ርግጫ የሚቀንስ ሌላ ዓይነት ጫፍም አለ፤ ጋዙን ወደ ጎንና ወደ ኋላ የሚተፋ። እሱ ደግሞ ድምፁን ጭራሽ በጎን ለቆሙት ሰዎች ያብሰዋል። የተኳሹ ትከሻ ያርፋል፤ የልጁ ጆሮ ይመታል።

እስቲ አስቡት። ከሦስቱ መመዘኛዎች ሁለቱ ስለ ተኳሹ ምቾት ናቸው። ሦስተኛውም የሚለካው ብዙውን ጊዜ በተኳሹ ጆሮ በኩል ነው። ቀለህ የሚለቅመው ልጅ በየትኛው ውድድር ውስጥ አለ? የትም የለም!

እውነቱን ለመናገር ሳይለንሰር ጥቅም የለውም አልልም። እንደ ኖርዌይና ፊንላንድ ባሉ አገሮች ብዙ አዳኞች የራሳቸውን ጆሮ ለመጠበቅ ይጠቀሙበታል። አዳኙ ግን ጫካ ውስጥ ነው፤ ዙሪያውን እልል የሚሉ ሴቶችና የሚቦርቁ ሕፃናት የሉም። እኛ ደግሞ የምንተኩሰው በቆርቆሮ አጥር መካከል፣ ድንኳን ጥግ፣ ድምፁ ተመልሶ በሚመታበት ቦታ ነው። ከሁሉ በላይ የሰርግና የለቅሶ ተኩስ የሚተኮሰው ለምንድን ነው? እንዲሰማ አይደለም እንዴ? ድምፅ ለማሰማት የሚተኩስ ሰው ድምፅ ማፈኛ ይገዛል ማለት ለመብራት ሻማ ለኩሶ እንስራ እንደመድፋት ነው። ደግሞስ ወደ ሰማይ የወጣው ጥይት የት ይወድቃል? ሳይለንሰር ጥይት አይመልስም።

ጆሮ ውስጥ ምን ይሆናል?

በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጠኛ ክፍል 15 ሺህ ገደማ ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። ተወልደን የምናገኛቸው እነሱን ብቻ ነው። ታምቡር ቢቀደድ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ እነዚህ ሕዋሳት ከሞቱ ግን ተመልሰው አይበቅሉም። አንድ ተኩስ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ልጁ «ሠራ»፣ «ፈራ» እና «ጠራ» አንድ ይሆኑበታል። ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉን አይለይም። ስለዚህ ሰዎች «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሲፈልግ አይሰማም» ይሉታል። ይሰደባል፣ ይገረፋል፣ በትምህርት ወደ ኋላ ይቀራል። አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ፤ በክሊኒክ ውስጥ ደግሞ ቃል በቃል እውነት ነው። ጆሮው እንደተጎዳ መጨረሻ ላይ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ልጅ ሲሆን ደግሞ ጨርሶ አያውቅም።

በጣም ያሳዘነኝን ልንገራችሁ። የልጁ አባት እዚሁ ገላን በብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራል። ፋብሪካው የጆሮ መከላከያ ሰጥቶታል፤ ሳያደርግ ከተገኘ ይቀጣል። ምክንያቱም ከ85 ዴሲቤል በላይ በሆነ ድምፅ ውስጥ 8 ሰዓት መሥራት ጆሮ እንደሚጎዳ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። አባት በ85 እና በ90 ዴሲቤል ጆሮውን ሸፍኖ እየዋለ፣ ልጁ በባዶ ጆሮ 160 ዴሲቤል አጠገብ ቆመ። ለማሽን የምንጠነቀቀውን ያህል ለጠብመንጃ ያልተጠነቀቅነው ጠብመንጃው «ክብር» ስለተባለ ብቻ ነው።

«ባህላችንን ልትነኪ ነው?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ከዚሁ አገር ነኝ። ለሟች ጀግና፣ ለሙሽራ ወንድም የተተኮሰ ጥይት ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሽለላና ቀረርቶ አለን፣ ከበሮ አለን፣ እልልታ አለን። ክብር በእነዚህ አይሞላም? «ፈቃድ አለኝ» የሚልም ይኖራል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ይላል፤ የጎረቤትን ልጅ ጆሮ የማጥፋት ፈቃድ የሚሰጥ ወረቀት ግን የለም።

ወላጆች ምን እናድርግ?

✅ ወደ ሰርግም ሆነ ወደ ለቅሶ ስትሄዱ ተኩስ ይኖር እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ካለ ልጆችን ከአካባቢው አርቁ። ቀለህ ለቀማ አይፈቀድ።

✅ ድንገት ተኩስ ከተጀመረ የልጁን ጆሮ በመዳፍ ጥብቅ አድርጋችሁ እየሸፈናችሁ ሽሹ። ጥጥ መወተፍ ብዙም አይከላከልም።

✅ ከተኩስ በኋላ ጆሮ ጭው ካለ፣ ከታፈነ፣ ካመመ ወይም ከደማ በዚያው ቀን፣ ካልሆነም በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊረዳ የሚችል ሕክምና አለ፤ ከወራት በኋላ ግን የምናደርገው እጅግ ጥቂት ነው።

❌ ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ፣ ነጭ ሽንኩርት ጆሮ ውስጥ አትጨምሩ። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ጉዳቱን ታብሱታላችሁ። ውኃም እንዳይገባበት ተጠንቀቁ።

✅ ልጃችሁ ቴሌቪዥን ድምፅ የሚያስጨምር፣ «ምን?» የሚያበዛ፣ ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ ከመቆጣታችሁ በፊት ጆሮውን አስለኩ። በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ተቋም ሪፈር አጽፋችሁ እንደ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና የካቲት 12 ባሉ ሆስፒታሎች የአንገት በላይ ሐኪም ማግኘት ትችላላችሁ።

ልጁ አሁን ክፍል ውስጥ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አስተማሪውም ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ታናግረዋለች። አባቱ ስለ ግርፊያው ይቅርታ ጠይቆታል። ጭውታው ግን አልሄደም።

አጎትየው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው «እንግዲያው የትኛው ሳይለንሰር ይሻላል ትይኛለሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «የሚሻለው ጠብመንጃውን ቤት ቆልፈው ወደ ሰርጉ በእልልታ መሄድ ነው። አይከብድም፣ አይራገጥም፣ የማንንም ጆሮ አያደነቁርም።»

ይህን ጽሑፍ ለሚቀጥለው ጥር ሰርግ ለሚደግስ ዘመድ ወዳጃችሁ ሁሉ አጋሩ። አንድ የልጅ ጆሮ ብታድኑ ትልቅ ነገር ነው።