ድንኳኑ የማን ነው?

ሰው ቤቱን ትቶ በአደባባይ ድንኳን ሲተክል ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናብና ብርድ ሊመታው፥ የመንገደኛ ዓይን ሊያርፍበት፥ ፖሊስም ሊገፋው ወዶ የሚወጣ የለም። የሚወጣው አቤቱታው ሳይታይለት፥ ደጅ ጥናቱም ፍሬ ሳያፈራ ሲቀር ነው። ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ግን ሁለት ዓይነት ሰዎች ወደ እርሱ ይመለከታሉ። አንደኛው መጽሐፉን በብብቱ፥ ቀዩን ሰንደቅ በእጁ ይዞ «ያነበብሁት ሁሉ ይኸው ደረሰ» የሚል የተማረ ወጣት ነው። ሁለተኛው ያንኑ ሰንደቅ ከሩቅ አይቶ «ይህ የኮሙኒስቶች ሥራ ነው» በማለት መዝገቡን የሚዘጋ ባለሥልጣን ነው። ሁለቱ ባላንጣዎች ይመስላሉ። እኛ ግን በአንድ ነገር ይተባበራሉ እንላለን፤ ይኸውም ሁለቱም በድንኳኑ ውስጥ የተኛውን ሰው አለማየታቸው ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ዘመን ያላለፈን እንደ መሆናችን፥ ከጓደኞቻችን ገሚሱ ተማሪ ገሚሱ ጀማሪ ሹም ነው። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ክርክር በየቡና ቤቱ እንሰማለን። ክርክሩ ከስሜት ወጥቶ በማስረጃ ላይ ይቆም ዘንድ ከአሜሪካ ታሪክ ሁለት ሰፈሮችን እናነሣለን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢያችን ይያዝልን።

በ1924 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለተሰለፉ ወታደሮች በአገር ውስጥ ላገለገሉበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ዶላር፥ በባሕር ማዶ ላገለገሉበት ደግሞ አንድ ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም ካሣ እንዲታሰብላቸው ፈቀደ። ለብዙዎቹ የደረሳቸው ግን ገንዘብ ሳይሆን በ1945 የሚከፈል የምስክር ወረቀት ነበር። በመካከሉ በ1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ ፋብሪካው ተዘጋ፥ ባንኩ ከሰረ፥ ሥራ አጡ በዛ። ልጆቹ የተራቡበት ሰው እስከ 1945 ድረስ ታገሥ ቢሉት እንዴት ይታገሣል?

በ1932 ዋልተር ዋተርስ የተባለ ሥራ ያጣ የቀድሞ ሳጅን ጥቂት መቶ ሰዎች አስከትሎ፥ በዕቃ ባቡር ተሳፍሮ ከፖርትላንድ ከተማ ወደ ዋሽንግተን ተነሣ። ወሬው በየግዛቱ ሲሰማ ሌላውም ተከተለ። ወደ ሃያ ሺሕ የሚገመት ሕዝብ በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ከወዳደቀ ጣውላ፥ ከቆርቆሮና ከካርቶን ጎጆ እየቀለሰ ሰፈረ። በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ነጭና ጥቁር ተለያይተው በሚኖሩበት በዚያ ዘመን፥ በዚህ ሰፈር ግን ጎን ለጎን ያድሩ ነበር።

ኮሙኒስቶችም መጡ። ጆን ፔስ የሚባል መሪና የራሳቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ነበራቸው። ዋተርስ የእነርሱ መኖር ለመንግሥት ሰበብ እንዳይሆን ሠግቶ አገለላቸው፤ በሌላ ስፍራ ለብቻቸው እንዲያድሩ ተደረገ፤ የተደበደቡም አሉ። ዓይን ወደ ፊት እንጂ ወደ ግራ አይሁን የሚል መፈክር በሰፈሩ ተሰማ። ከሃያ ሺሑ ሕዝብ መካከል ኮሙኒስቶቹ ከጥቂት መቶዎች አይበልጡም ነበር።

ጁን 17 ቀን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ካሣው ቶሎ እንዲከፈል የቀረበውን ሕግ በ62 ድምፅ በ18 ጣለው። በምክር ቤቱ ደጅ ተሰብስቦ ይጠባበቅ የነበረው ሕዝብ ድንጋይ አልወረወረም፤ የአገሩን መዝሙር ዘምሮ ወደ ጎጆው ተመለሰ። ጁላይ 28 ቀን ግን ፖሊስ ተኩሶ ሁለት የቀድሞ ወታደሮችን ለሞት አበቃ። በዚያው ዕለት ጄኔራል ማክአርተር ፈረሰኛውን፥ ሳንጃ የሰካውን እግረኛና ታንኩን ይዞ ወጣ። አስለቃሽ ጢስ ተረጨ፤ ሲመሽም ሰፈሩ በእሳት ጋየ። ከዚያ በኋላ የተሰጠው መግለጫ አብዮተኞችና ወንጀለኞች ነበሩ የሚል ሆነ። የገዛ መንግሥቱ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ያደረገው ምርመራ ግን ከሰልፈኞቹ 94 በመቶው በእርግጥ በጦር ሠራዊት ወይም በባሕር ኃይል ያገለገሉ፥ 67 በመቶውም በባሕር ማዶ የዘመቱ መሆናቸውን አስረዳ።

እዚህ ላይ ጀማሪው ሹም አንድ ሰው ልብ እንዲልልን እንወዳለን። የከተማው ፖሊስ አዛዥ ፔልሃም ግላስፎርድ ራሱ በፈረንሳይ የዘመተ ጄኔራል ነበር። ወደ ሰፈሩ እየወረደ ከሰዎቹ ጋር ተነጋገረ፤ ከገዛ ኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ምግብ ገዛላቸው፤ ሰልፈኞቹም አምነው ገንዘብ ያዥ አደረጉት። ኮሙኒስቶቹ በባልንጀሮቻቸው ሲጠቁም ያዳናቸው ፖሊሱ ነበር። ሕግ አስከባሪ ሆኖ ሰውን እንደ ሰው ማየት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ሰፈሩ ተቃጠለ፤ ጥያቄው ግን አልተቃጠለም። አንድ፥ ግልጽና ልጅ እንኳ የሚረዳው ጥያቄ ስለ ነበር በ1936 ምክር ቤቱ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን እምቢታ ሽሮ ካሣው እንዲከፈል ወሰነ።

ሁለተኛው ሰፈር ከመጀመሪያው ሰማንያ ዓመት ያህል ይርቃል። በ2008 ታላላቅ ባንኮች ሲናጉ መንግሥት ደገፋቸው፤ ቤቱን በዕዳ የተነጠቀው ሕዝብ ግን ደጋፊ አላገኘም። በ2011 ኦገስት 2 ቀን በኒው ዮርክ በዎል ስትሪት አጠገብ ሕዝባዊ ጉባኤ ተጠራ። የመጡት ሰዎች ያገኙት ግን የቆየ የግራ ድርጅት ያቆመውን መድረክና ድምፅ ማጉያ ነበር። ተናጋሪው ይናገራል፥ ሌላው ያዳምጣል። አናርኪስቱ የሥነ ሰብእ ሊቅ ዴቪድ ግሬበርና ጥቂት ባልንጀሮቹ ፈቀቅ ብለው ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ሕዝቡም መድረኩን እየተወ ወደ ክቡ መጣ። ሴፕቴምበር 17 ቀን በዙኮቲ መናፈሻ ሰፈር የመሠረቱት ከዚህ ክብ የተነሡ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ በአናኮስቲያ ግራዎቹ እንግዶች ሲሆኑ በዙኮቲ ባለቤቶች ነበሩ። የሠሩትም መልካም ነገር ብዙ ነው። ድምፅ ማጉያ ስለ ተከለከሉ አንዱ የተናገረውን ሌላው እየተቀበለ ጮኾ እስከ ጫፍ ያደርሰው ነበር። ወጥ ቤትና ቤተ መጻሕፍት አቆሙ። «እኛ 99 በመቶው ነን» የሚለው ቃል ከዚያ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። ይሁን እንጂ ዋና ጥያቄያችሁ ምንድን ነው ሲባሉ አንድ መልስ አልነበራቸውም፤ ጥያቄ ማቅረብ ለገዢው እውቅና መስጠት ነው የሚሉም ነበሩ። ለተማረው ሰው ይህ ጥሩ ክርክር ሊሆን ይችላል። ቤቱ ሊሸጥበት ለተቃረበ ሰው፥ ሁለት ሥራ ሠርቶ ማታ ለሚገባ አባወራ ግን እስከ እኩለ ሌሊት የሚዘልቅ ጉባኤ ምን ይፈይድለታል? ኖቬምበር 15 ቀን ሌሊት ፖሊስ መናፈሻውን ሲያጸዳ፥ ለምክር ቤት የሚቀርብ እንደ አናኮስቲያ ያለ አንድ ወረቀት አልቀረም።

የቀረው ግን ሌላ ነው፤ እርሱም የሚያስመሰግን ነው። በ2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒው ዮርክን ሲመታ፥ በመናፈሻው ጉባኤ ይመሩ የነበሩት ወጣቶች ለተጐዳው ሕዝብ ምግብና ብርድ ልብስ ይዘው ደረሱ። በዚያው ዓመት ሌሎቹ ከሕዝብ መዋጮ መሰብሰብ ጀምረው በጠቅላላው ወደ 700 ሺሕ ዶላር ያህል አገኙ። አበዳሪዎች ተስፋ ቈርጠው በርካሽ የሚሸጡትን የሕክምናና የትምህርት ዕዳ እየገዙ ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ሰረዙ። ባለዕዳው ሰው ማርክስን ያንብብ አያንብብ የጠየቀው አልነበረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይህ ነው።

ከሁለቱ ሰፈሮች የምንማረው ይህንን ነው። ተማሪ ወዳጃችን ሆይ! ወደ ድንኳኑ አትሂድ አንልህም፤ የተማረ ሰው ከተቸገረው ወገኑ ጋር መቆሙ ያስከብረዋል እንጂ አያሳፍረውም። ነገር ግን ስትሄድ መድረክ ይዘህ አትሂድ። ከመናገርህ በፊት ስማ፤ ሰንደቅህን ከመትከልህ በፊት ውሃ ቅዳ፥ አቤቱታውንም በሚገባው ቃል ጻፍለት። ድንኳኑ ሲነሣ አንተ ወደ መጽሐፍህ ትመለሳለህ፤ እርሱ ግን ወደ ዕዳው ይመለሳል። ይህን ዘንግተህ የሰውን ረኀብ ለትምህርትህ ማስረጃ ብቻ ካደረግኸው፥ በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት እንደሚባለው ሆንህ ማለት ነው።

ጀማሪው ሹም ሆይ! አንተም ቀይ ሰንደቅ ባየህ ቍጥር ሰበብ ያገኘህ አይምሰልህ። ከሃያ ሺሕ ሰዎች መካከል መቶዎቹ ኮሙኒስት ቢሆኑ የቀሩት ርቧቸዋል። ማን ላካቸው ብለህ ከመመርመርህ በፊት ምን ጐደላቸው ብለህ መርምር። የጐደላቸው ሲሟላ ቀስቃሹ የሚቀሰቅሰው ያጣል፤ ሳይሟላ ግን አንዱን ቀስቃሽ ብታስር ረኀቡ ራሱ ሌላ ይቀሰቅሳል።

ድንኳኑ የማን ነው ብለን ጀምረን ነበር። የቀስቃሹም የከሳሹም አይደለም፤ ሌሊቱን በውስጡ የሚበርደው ሰው ነው።