ሪሌ ሳይታሰር አምፖል አይቀየር

ስለ መኪና ኤሌክትሪክ ስጀምር ወዴት እንደማመራ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ። በዚህ ሳምንት ያናደደኝ የጎረቤቴ ኮሮላ ነው። መብራቱ ደከመበትና ሶማሌ ተራ ወርዶ 100 ዋት አምፖል ገዛ፤ ገጣሚውም በነበረው ሶኬት ላይ ሰክቶ ሸኘው። ማክሰኞ ማታ ኮፈኑን ስንከፍት የሶኬቱ ፕላስቲክ ቀልጦ ከአምፖሉ እግር ጋር ተጣብቋል። ሽቦው ጠቁሯል፤ ልባሱም ሲነኩት ይረግፋል።

ታዲያ ምን ይጠበቅ ነበር? ያ ሽቦ የተሠራው ለ55 ዋት አጭርና ለ60 ዋት ረጅም መብራት ነው። ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖሎች ከ16 አምፔር በላይ ይስባሉ፤ ያ ሁሉ ከረንት የሚያልፈው በቀጭን ሽቦና መሪው ሥር ባለችው ማብሪያ ነው።

የሚያስቆጨኝ ደግሞ የመጀመሪያው አምፖል ጥፋት አልነበረበትም። የጎደለው ቮልት ነው። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ 14 ቮልት እያለ አምፖሉ ጋ ሲለካ ወደ 12 ሊወርድ ይችላል። በሃሎጅን አምፖል ቮልቱ አሥር በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ ሠላሳ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። መፍትሔው ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ከረንት ታዝዞ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ ነው፤ ለአጭሩ አንድ፣ ለረጅሙ አንድ። ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በፊውዝ አልፎ የሪሌው 30 ቁጥር ላይ ይገባል፣ ከ87 ወደ አምፖሉ ይወጣል። የድሮው ሽቦ 85 እና 86 ላይ ታስሮ ሪሌውን ብቻ ያስነሳል። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ሽቦው ተልጦ ቦዲ ቢነካ ከእሳት የሚያድነው እሱ ነው። ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ማብሪያው የሚቆርጠው ኔጌቲቩን ስለሆነ መጀመሪያ መለካት የግድ ነው። «ናስትሮ ይበቃዋል» የሚሉትን አልሰማም፤ ቴስተር ሳይዝ የሰው መኪና ሽቦ የሚቆርጥ ባለሙያ አይደለም።

ነገሩ ከሶኬትም ያልፋል። ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ በአሮጌው መንገድ ማታ የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ከፊት የሚመጣው የጭነት መኪና ረጅሙን አያወርድም። ባለጌ እንለዋለን። ግን ስንቱ ነው አጭሩ ደክሞበት፣ ሲያወርደው መንገዱ ስለሚጠፋበት የማያወርደው? ለዚህ ሾፌር ስድብ ምን ይጠቅመዋል? ሪሌ ይታሰርለት። ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልት ቢለካ ደስ ይለኛል። የመብራቱ አቅጣጫም ግድግዳ ላይ ይታይ፤ ሙሉ ቮልት ያገኘ አጭር መብራት ሽቅብ ከተተኮሰ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር እንደ ረጅሙ ያሳውራል።