ማቃጠል፣ ማቀዝቀዝ ወይስ ኤሌክትሪክ?

ሰሞኑን አንድ የቆዩ ደንበኛችን ቡናቸውን ሳይጨርሱ «ልቤን ሊያቃጥሉት ነው አሉኝ» ብለው አስደነገጡኝ። ሐኪሙ ጋ ያስተረጎመላቸው የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው። ልጁ አልዋሸም፣ ግን እሳቸው ፈርተው ቀጠሮውን ሊሰርዙ ነበር።

ሕመሙ ኤፊብ የሚባለው የልብ ምት መዛባት ነው። የልብ የላይኛው ክፍል ምቱን ስቶ ይርገበገባል፤ እዚያ ደም ከረጋ ደግሞ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። አብሌሽን ማለት በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ በደም ስር አስገብቶ፣ የተሳሳተው ምልክት የሚያልፍበትን ቦታ በጠባሳ መዝጋት ነው።

ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በሙቀት ነጥብ በነጥብ ያቃጥላል። ሁለተኛው በትንሽ ባሉን ያቀዘቅዛል። በ2016 የታተመ፣ 762 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ቅዝቃዜው ከሙቀቱ እንደማያንስ አሳይቷል። ሦስተኛው አጫጭር የኤሌክትሪክ ምት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2023 መጨረሻ ላይ ነው። አጠገቡ ያለውን የምግብ ቧንቧ የመጉዳት ዕድሉ ያነሰ ነው። ስኬቱ ግን ብዙም አይራራቅም፦ በ2023 በወጣው ጥናት ከዓመት በኋላ በኤሌክትሪኩ 73 ከመቶ፣ በሙቀትና በቅዝቃዜ 71 ከመቶ ነበር።

ኤፊቡ ሳይለቀው ከዓመት በላይ ለቆየ ሰው ሌላም አለ። እዚሁ አትላንታ የኤሞሪው ዶ/ር ዴቪድ ደሉርጂዮ በመሩት ኮንቨርጅ በተባለ ጥናት ልብን ከውጭም ከውስጥም ማከም 68 ከመቶ፣ በቱቦ ብቻ ማከም 50 ከመቶ ተሳክቷል። ግን ቀዶ ጥገና ስላለበት አደጋውም ከፍ ይላል።

ስለዚህ ሐኪማችሁን ጠይቁ፦ የኔ ኤፊብ የሚመጣ የሚሄድ ነው ወይስ የማይለቅ? እርስዎ አዘውትረው የሚሠሩት የትኛውን ነው? ካልተሳካስ ይደገማል? የደም ማቅጠኛውን እስከ መቼ ልውሰድ? ዋርፋሪን የምትወስዱ ደግሞ፣ ጾም ሲገባ ጎመኑን በአንዴ አታብዙ፤ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ተዉት አላልኩም፣ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ።

ልጆች፣ ይሄ የእናንተ ሸክም አይደለም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ደንበኛችንም እንደዚያው ብለው አዲስ ቀጠሮ ይዘዋል። የልጅ ልጃቸው አብሮ ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን እጃቸውን ሊይዝ ነው።